ሐይቁ በረዶ ሆኖ ዓሣ የማጥመድ ውድድር? ወንድሜ እሁድ ሊወዳደር ነው፣ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከእኛ አካባቢ ልጆች ውጭ የኖረ ወይም ስለ ዓሣ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ።

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ድሬ እያለ መንጠቆ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ዓሣ ከየት ይመጣል? እዚያ ግን የሥራ ጓደኛው አንድ እሁድ ሐይቅ ዳር ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውል ወሬው ሁሉ ዓሣ ሆነ። አሁን የአጥማጆች ክለብ አባል ሆኗል፣ የፊታችን እሁድ ደግሞ የመጀመሪያ ውድድሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቪዲዮ ላከልን። ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። መቼም ጥር ለድሬ ደግ ወር ነው፣ ነፋሱ ይመጣል፣ እናቴ ነጠላ ደርባ ሻይ እየጠጣች ነበር። ቪዲዮውን ስናየው ሐይቁ በሙሉ ነጭ ነው። ዳር ዳሩን ሰዎች ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ከፊታቸው በረዶው ተሰብሮ እንደ መስኮት ተከፍቷል፣ በዚያች ክፍተት ረዥም ዘንግ ዘርግተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አምስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀመጡት አለን። እናቴ ሻይዋን አስቀመጠችና «በረዶው ላይ ሊቆም ነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «ደወለ ወይ?» ነው። እንደማይወጣበት ቢነግራትም አላመነችውም፣ ልጅ መሸሸግ ያውቃል ትላለች።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። በእርግጥ አደገኛ ነው? ደግሞስ ላዩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ እንዴት ይኖራል? አባቴ ሥሩ ድረስ በረዶ ነው የሚሆነው ብሎ ይከራከረኛል።

ሳቢያን ሰፈር (ድሬዳዋ)

አቦ ይሄን ጥያቄ ሳይ ደስ ነው ያለኝ። እንግሊዝ 11 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ዓመት እሁድ እሁድ የምውለው ልክ ወንድምህ የላከው ዓይነት ሐይቅ ዳር ነበር።

መጀመሪያ ለእናታችን። በረዶው ላይ ማንም አይወጣም። በረዶ ላይ ወጥተው በመሰርሰሪያ ቀዳዳ እየበሱ የሚያጠምዱት እንደ ፊንላንድና እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ባሉ ቦታዎች ነው። እዚያ ብርዱ ወራት ስለሚቆይ በረዶው ይወፍራል። ለአንድ እግረኛ እንኳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ያስፈልጋል ይላሉ። የእንግሊዙ ብዙ ጊዜ ከዚያ የሳሳ ነው፣ ሌሊት ይሠራል፣ ከሰዓት ይላላል። ስለዚህ ሰው የሚቀመጠው ዳር፣ መሬት ላይ ወይም የእንጨት መድረክ ላይ ነው። በረዶው እጅግ ከወፈረና የማይሰበር ከሆነ ውድድሩ ይሰረዛል። ወንድምህን አጥብቀህ የምትነግረው አንድ ነገር፦ ዕቃ በረዶው ላይ ቢወድቅበት፣ ውድ ዘንግ እንኳ ቢሆን፣ ሊያነሳ አንድ እግሩን እንዳይሰድ። ሁለተኛ፣ መድረኩ ውርጭ ይዞት ያንሸራትታል፣ ጫማው ጥርስ ያለው ይሁን። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። እነዚያ ረዣዥም ዘንጎች ካርቦን ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከሐይቁ በላይ የመብራት ሽቦ ካለ ከሥሩ አይዘረጋም።

አሁን ስለ ውድድሩ። ኮርስ ፊሺንግ ይሉታል። ከሳልሞንና ከትራውት ዘር ውጭ ያሉትን የሐይቅና የወንዝ ዓሦች ማጥመድ ማለት ነው። ሮች፣ ፐርች፣ ብሪም፣ ካርፕ እነዚህ ናቸው። ጠዋት ሁሉም ይሰበሰብና ዕጣ ያወጣል። የደረሰህ ቁጥር የምትቀመጥበት ቦታ ነው፣ ፔግ ይባላል። ጥሩ ፔግ ከደረሰህ ግማሹን አሸንፈሃል፣ መጥፎ ከደረሰህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎረቤትህ ሲያወጣ ታያለህ። ፊሽካ ይነፋል፣ ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ነው። የያዝከውን ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ረዥም መረብ ታቆየዋለህ። መጨረሻ ላይ ሚዛን ይዘው በየፔጉ ይዞራሉ፣ ጠቅላላ ክብደቱ የበለጠው አሸነፈ።

በረዶ ያለበት ቀን ግን ሌላ ዓለም ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋሁትን ልንገርህ፣ ለወንድምህ ይጠቅመዋል። ከባድ ብረት በገመድ አስሬ በረዶውን ስቀጠቅጥ ቆየሁና የባልዲ አፍ የምታህል ቀዳዳ ከፈትኩ። በቃኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደህና ሮች ያዘልኝ። ዓሣው እንደተነካ ወደ ጎን በረዶው ሥር ገባ፣ የበረዶው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ ቀጭኗን ክር በጠሳት። እስከ መጨረሻው ሌላ አልነካኝም። ጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ቀዳዳውን ሰፋ አድርግ፣ ከፊትህ እስከምታጠምድበት ድረስ እንደ መንገድ ክፈተው፣ ዓሣውን ወደ አንተ የምትስብበት ቦታ ይኑርህ። የተሰበረውን ቁራጭ ደግሞ ገፍተህ ከበረዶው ሥር አስገባው፣ አለዚያ ነፋስ መልሶ ያመጣውና ክፍተትህን ይዘጋብሃል። ይሄን ሁሉ ከፊሽካው በፊት ጨርስ፣ ከዚያ ውሃው ይረፍ፣ ጫጫታ ዓሣውን ያርቀዋል።

ዘንጉ ቀለበት ያለው ባይሆን ይመረጣል። ቀለበቱ ላይ የረጠበው ክር ይረጋና አልንቀሳቀስ ይላል። ለዚህ ነው ቀለበትና መዘውር የሌለውን ረዥሙን ዘንግ የሚወዱት፣ እስከ 16 ሜትር የሚደርስ አለ፣ ክሩ ጫፉ ላይ ነው የሚታሰረው። መንጠቆው ትንሽ፣ ክሩ የፀጉር ያህል ቀጭን።

ምግቡ የዝንብ ትል ነው። ብርድ ሲይዘው ትሉ ራሱ ደንዝዞ አይንቀሳቀስም። ጥቂቱን በዕቃ አድርጎ ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ጋ ይያዘው፣ ሲሞቀው ይነቃል፣ የሚንቀሳቀስ ትል ነው ዓሣን የሚጠራው። እና አይበትን! በሙቀት ጊዜ በእፍኝ ይበተናል፣ በበረዶ ቀን ግን አራት አምስት ትል ጣል፣ ጠብቅ። ዓሣው በብርድ ሆዱ አይጠይቀውም። አንዴ ካጠገብከው አለቀልህ።

መምህርት ከሐረር

ጤና ይስጥልኝ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ስለዚህ የአባትህን ጥያቄ ለእኔ ተውልኝ።

አባትህ ያሰቡት ልክ የሚመስል ነገር ነው፣ ተማሪዎቼም ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ። ብዙ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ውሃም እስከ አንድ ደረጃ ድረስ እንዲሁ ነው። ግን 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀልላል። ስለዚህ የብርድ ወራት ሲገባ በጣም የቀዘቀዘው ውሃ ላይ ይቀራል፣ ላዩ ብቻ ይረጋል፣ በረዶው ራሱ ከውሃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። ከሥር ያለው ውሃ ወደ 4 ዲግሪ ተጠግቶ ይቆያል። የበረዶው ንጣፍ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ነፋሱንና ብርዱን ይከለክላል። ዓሣው ታች ተቀምጧል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጢም አድርገው ውሃ ይሙሉና ፍሪዘር ውስጥ ይተዉት። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 ከመቶ ይጨምራል፣ ጠርሙሱን ወጥሮ ይሰነጥቀዋል። ክብደቱ ያው ነው፣ ቦታው ሰፋ፣ ስለዚህ ቀለለ ማለት ነው።

ሌላው ነገር፣ ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ውሃውን ይከተላል። 4 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ልቡም ሆዱም ዝግ ይላል። ሳቢያን ሰፈር «ሆዱ አይጠይቀውም» ያለው እውነት ነው። አንድ የምፈራለት ነገር ግን አለ። በረዶው ላይ አመዳይ ተከምሮ ብዙ ሳምንት ከቆየ ብርሃን አይገባም፣ ውሃ ውስጥ ያሉት ተክሎች ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከሆነ ዓሣው በአየር እጥረት ሊያልቅ ይችላል።

(ቃላችንም ያሳስተናል። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ የረጋውን ውሃም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም አንድ ላይ በረዶ ነው የምንለው። እኔ ክፍል ውስጥ የሚዘንበውን ነጩን አመዳይ፣ የረጋውን ውሃ በረዶ ብዬ ነው የማስተምረው፣ አለዚያ ልጆቹ ይደናገራሉ።)

የከዚራ ልጅ

እግዜር ይስጥልን መምህርት። አባቴ ጠርሙሱን ትናንት ማታ ፍሪዘር አስገብቶ ዛሬ ጠዋት አውጥቶ እያገላበጠ አየው። ምንም አልተናገረም፣ ግን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ ነው የዋለው።

ሳቢያን ሰፈር፣ የጻፍከውን ሁሉ በድምፅ አንብቤ ለወንድሜ ላክሁለት። የሽቦውን ነገር ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። እናቴም «መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት» ስላት ትንሽ ተረጋጋች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። ዓሣውን መዝነው ሲያበቁ ወደ ሐይቁ ይመልሱታል አላት ልጁ። «ይሄ ሁሉ ብርድ ለማይበላ ዓሣ?» ብላ ተቆጣች። እኔም ልክ ነች ባይ ነኝ። በጾም ዓሣ ስንት ብር እንደሚሸጥ እያወቅን! ለምንድነው የሚለቁት?

እና ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር እያሰብን ነው። ሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ ሞልቷል አይደል? እኛም እንደዚህ ዓይነት የአንድ ቀን ውድድር ብናዘጋጅስ? በረዶ የለንም፣ ግን ዕጣው፣ ፔጉ፣ ሚዛኑ ሁሉ እንዳለ ሊሆን ይችላል።

ሳቢያን ሰፈር (ድሬዳዋ)

የሚለቁበት ምክንያት ቀላል ነው። ሐይቁ የክለብ ወይም የግለሰብ ነው፣ ዓሣው በገንዘብ ተገዝቶ የገባ ነው፣ ዛሬ ሁሉም የያዘውን ቤቱ ቢወስድ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ውሃ ላይ ነው የምትቀመጠው። አንዱ ካርፕ ብዙ ዓመት እያደገ ብዙ ሰው ይይዘዋል። ሲለቁትም ዝም ብለው አይወረውሩትም። እጅ መጀመሪያ ውሃ ይነካል፣ ደረቅ እጅ የዓሣውን ቅርፊት የሚሸፍነውን ዝልግልግ ነገር ይገፈዋል፣ ከዚያ ቁስል ይይዘዋል። መንጠቆውም ብዙ ቦታ እሾህ የሌለው መሆን አለበት፣ በቀላሉ ይወጣል።

እኔም መጀመሪያ ልክ እንደ እናታችን ነበርኩ። ወላሂ የመጀመሪያውን ዓሣ ስለቅ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሄዶ ሲጠፋ ማየቱን ወደድኩት።

የሐረማያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። መረብ፣ ሚዛን፣ ፊሽካ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኔ አለሁ።

የሐረማያ ልጅ

ቆይ ቆይ፣ ከሐይቁ ዳር ያደገ ሰው ይናገር።

ሐይቁ ሲደርቅ ልጅ ነበርኩ። 1997 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። አንድ ቀን የደረቀ እንዳይመስላችሁ። በየዓመቱ ውሃው ከዳር እየሸሸ፣ ፓምፑ ቧንቧውን እያስረዘመ ይከተለው ነበር። ጫቱም፣ ድንቹም፣ ሽንኩርቱም ከሐይቁ ነበር የሚጠጣው። የሐረር ከተማም ውሃዋን ከዚያው ነበር የምትስበው። ተራራው ተመንጥሮ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ገባበት። መጨረሻ ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ፣ እኛም ኳስ ተጫወትንበት። አባቴ ያንን ሜዳ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። ሐረርም ውሃ አጥታ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ስንት ዓመት እንደነበር የጀጎል ሰው ይንገራችሁ፣ በኋላ ነው ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ውሃ የመጣላት።

አሁን ተመልሷል፣ እውነት ነው። ከሐረር ወደ ድሬ ስትሄዱ ከመኪና መስኮት ታዩታላችሁ፣ ጀልባም አለ፣ ወፎቹም መጥተዋል። እኔ እያለፍኩ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ግን ስስ ሐይቅ ነው። ሃምሳ ሰው መጥቶ የያዘውን ቆሮሶና አምባዛ በፌስታል ጭኖ የሚሄድበት ውድድር ከሆነ እኔ ቀድሜ ነው የምቃወመው። እንግሊዞቹ እንደሚያደርጉት የሚለቀቅ ከሆነ ግን መጥቼ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ደግሞ ከዚያ ዓሣ እያወጡ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ እንጀራቸው ነው፣ መጀመሪያ ከእነሱና ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። ከከተማ መጥቶ ሰው ደጅ ላይ ፊሽካ መንፋት ነውር ነው።

መምህርት ከሐረር

የሐረማያ ልጅ ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ። ጀሪካኑን ደግሞ እኔም ተሸክሜዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳቢያን ሰፈር ልብ በልልኝ። የእንግሊዙን መረብ እዚህ እንዳለ ማምጣት አይሆንም። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሞቃት ውሃ ትንሽ። 4 ዲግሪ ላይ በአንድ ሊትር ወደ 13 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል፣ 25 ዲግሪ ላይ ግን 8 ገደማ ነው፣ ያውም በባሕር ወለል። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ከዚያም ይቀንሳል። እንግሊዝ በበረዶ ቀን አምስት ሰዓት መረብ ውስጥ የቆየ ዓሣ ደህና ሊሄድ ይችላል። እዚህ በጠራራ ፀሐይ አምስት ሰዓት አጨናንቃችሁ ብታቆዩት ለቀቅነው ብላችሁ በማግስቱ ሆዱን ገልብጦ ታገኙታላችሁ።

ሳቢያን ሰፈር (ድሬዳዋ)

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር፣ ልክ ነሽ። እንግዲያው መረቡን እንተወው። በየሁለት ፔጉ አንድ ታዛቢ ሚዛን ይዞ ይቁም፣ እያንዳንዱ ዓሣ እንደወጣ ይመዘን፣ ይጻፍ፣ ወዲያው ይመለስ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ፀሐይዋ ሳትከርር በ3 ሰዓት ተኩል ማብቃት አለበት።

የሐረማያ ልጅ

በዚህ ከሆነ ተስማማሁ። የቀበሌውን ነገር እኔ እጠይቃለሁ፣ ዓሣ የሚያወጡትን ልጆችም አውቃቸዋለሁ። ታዛቢዎቹ እነሱ ቢሆኑና የቀን አበል ቢከፈላቸው ምን ይላችኋል?

የከዚራ ልጅ

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ሁለቱ ከአሁኑ ሚዛን መፈለግ ጀምረዋል።

ወንድሜ ዛሬ ማታ ደወለ። ውድድሩ ተካሂዷል። 14 ሰው ነበር፣ ፔግ 9 ነው የደረሰው። በረዶው ሁለት ጣት ያህል ይወፍር ነበር አለ። ከፊሽካው አርባ ደቂቃ በፊት ደርሶ ልክ እንደነገርከው እንደ መንገድ አድርጎ ከፈተው። ጎረቤቱ ትንሽ ቀዳዳ ነበር የከፈተው፣ ሁለት ዓሣ በጠርዙ ተበጥሶበታል። የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ምንም አልነካውም፣ እጁ ደንዝዞ መንጠቆ መቀየር አልቻለም ነበር። ምግብ መጨመር አሰኝቶት ነበር፣ ግን ያልከውን አስታውሶ ሦስት ትል ብቻ ጣለ። ከዚያ ክሩ ላይ የታሰረችው ተንሳፋፊ ምልክት ቀስ ብላ፣ ሳትነቀነቅ፣ ሰመጠች። ስድስት ሮችና አንድ ፐርች አወጣ፣ በእነሱ ሚዛን አንድ ፓውንድ ከስድስት አውንስ፣ ከ600 ግራም በላይ መሆኑ ነው። አምስተኛ ወጣ። ያሸነፈው ሰውዬ ሦስት ፓውንድ አይሞላም ነበር አለ፣ ብርዱ ሁሉንም ነው የጎዳው።

የፐርቹን ፎቶ ላከልን፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር አለው፣ ክንፉ ቀይ ነው። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ፎቶውን ከፍ አድርጋ የልጁን እጅ ፈለገች፣ ጓንት አላደረገም። አሁን ድሬ ላይ የሱፍ ጓንት የት እንደሚገኝ እየጠየቀችኝ ነው። አሸዋ ሜዳ ወይም ታይዋን ገበያ አይታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሄድ ሰው አለ።